ጥርስ፣ ስን እና ኒብ፦ አንድ ሹል ጥርስ በስንት ስም?

ጥያቄውን የላኩልኝ በእስራኤል የሚኖሩ እናት ናቸው። የልጃቸው የሳይንስ መጽሐፍ የውሻንና የአንበሳን ሹል ጥርስ በዕብራይስጥ «ኒቭ» ይለዋል። አብራቸው የምትሠራ፣ ከኤርትራዋ ከረን የመጣች የትግረ (ከትግርኛ የተለየ ቋንቋ ነው) ተናጋሪ ግን ማንኛውንም ጥርስ «ኒብ» ትላለች፤ የሰውም ይሁን የፍየል። አረብ ጎረቤታቸው ደግሞ «ናብ» ይላሉ። «ይህ ቃል መነሻው ከየት ነው? ሁሉም ሲኖረው አማርኛ ለምን አጣው? ጥርስ የምንለውንስ ከአረብ ተውሰነው ነው የሚሉኝ እውነት ነው?» ይላሉ።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ በየመድረኩ የሚያናድደኝ እርሱ ነውና። አይደለም፤ ጥርስ ከአረብኛ የተዋስነው ቃል አይደለም። ማስረጃውን ወደ ኋላ አመጣዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ኒቡን እንፍታው።

ኒቭ፣ ኒብና ናብ አንድ ቃል ናቸው። በዕብራይስጥ «በ» ከአናባቢ በኋላ ስትላላ «ቭ» ስለምትሆን የልጅዎ መጽሐፍ ኒቭ አለ እንጂ ፊደሉ ያው ቤት ነው። በአራማይክ «ኒባ» ይባላል። ትርጉሙም በመነሻው ጥርስ ሁሉ ሳይሆን አንድ የተለየ ጥርስ ነው፦ ከፊት ጥርሶች ቀጥሎ፣ ከመንጋጋ በፊት ያለው፣ ረዥምና ጫፉ የሾለ፣ በአማርኛ ክራንቻ የምንለው። ሰው ከ32 ጥርሱ አራቱ ክራንቻ ናቸው፤ ውሻ ከ42ቱ፣ አንበሳም ከ30ው እንዲሁ አራት አራት አላቸው። ቁጥሩ አይለያይም፤ የሚለያየው ርዝመቱና ሥራው ነው።

አንድ ነገር እንዳያሳስትዎት፦ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ሲገልጡ «ኒቭ» የሚለው ቃል «አነጋገር» ወይም «ቀበልኛ» የሚል ፍችም ይዞ ያገኙታል። እርሱ ሌላ ቃል ነው። በኢሳይያስ 57፥19 «የከንፈር ፍሬ» ከሚለው የመጣ፣ ፍሬ ማፍራትን ከሚያሳይ ሥር የወጣ ነው። ሁለቱ በድምፅ ገጠሙ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

አሁን ወደ አረብኛው እንሂድ፤ የቤተሰቡን የጥርስ ስሞች ሳይበትን የያዘው እርሱ ነውና። አረብኛ ሦስት ቃላት አሉት። «ሲን» ጥርስ በጠቅላላው ነው፤ ዕድሜ ማለትም ይሆናል፤ አረብ ሽማግሌን «ሲኑ ትልቅ የሆነ» ይለዋል። ይህ እኛን ሊደንቀን አይገባም፤ የከብት ገበያ ላይ የበሬውን ከንፈር ገልጦ ዕድሜውን የማያነብ ገዢ የለም። «ናብ» ክራንቻው ነው። «ዲርስ» ደግሞ የሚፈጨው የኋላ ጥርስ፣ መንጋጋው ነው። ዘግይቶ የሚበቅለውን የመጨረሻውን መንጋጋ አረቦች «የአእምሮ ዲርስ» ይሉታል።

ናብ በአረብኛ ሰፊ ኑሮ ኖሯል። አውሬ ሲቆጣ «ናቦቹን ገለጠ» ይባላል። የከብት አርቢዎቹ ቋንቋ ደግሞ ይበልጥ ይረቅቃል። ግመል ክራንቻ አለው፤ ከላምና ከበግ የሚለየውም አንዱ ነገር ይህ ነው። ዘላኖቹ የግመልን ዕድሜ በየዓመቱ በተለየ ስም ሲጠሩ፣ ዘጠነኛ ዓመቱን የያዘውን «ባዚል» ይሉታል፤ ናቡ ድዱን ሰንጥቆ የወጣ ማለት ነው። ያረጀችን ሴት ግመል ደግሞ በቀጥታ «ናብ» ብለው ይጠሯታል። ክራንቻዋ ስሟ ሆነ።

ቃሉ ሕግም ሆኗል። በእስልምና የምግብ ሕግ ውስጥ የታወቀው ሐዲስ የሚከለክለው «ኩሉ ዚ ናብ ሚነ ሲባዕ»ን ነው፤ ከአዳኝ አራዊት ወገን ባለ ናብ የሆነውን ሁሉ። የቃላቱ አመራረጥ ጠንቃቃ ነው። «ባለ ናብ ሁሉ» ብሎ ቢያቆም ግመልም በገባበት ነበር፤ «ከአዳኞች ወገን» የሚለው ሐረግ ግመልን አወጣው። አንበሳ፣ ነብር፣ ተኩላ፣ ውሻ ያለ ክርክር ይገባሉ። ክርክሩ የመጣው በጅብ ላይ ነው፤ የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ወገን) ሌላ ሐዲስ ይዞ ይፈቅደዋል፣ የሐነፊው ናቡን አይቶ ይከለክለዋል። በቁርኣን ትምህርት ቤት ያለፉ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ናብ የሚለውን ቃል ከቤት ቋንቋቸው ሳይሆን ከዚህ ሐዲስ ያውቁታል።

እነዚህ ሦስት ስሞች የአረብኛ ፈጠራዎች አይደሉም፤ ሲንና ናብ ከሴማውያን ቋንቋዎች አብዛኛውን የሚያገናኙ ጥንታዊ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው በአካድኛ «ሺኑ»፣ በዕብራይስጥ «ሼን»፣ በአራማይክ «ሺና»፣ በግዕዝ «ስን» ነው። ሁለተኛውን ከላይ ዘርዝረነዋል። ሦስተኛው በግዕዝ «ፅርስ» ነው፣ ሲበዛ «አፅራስ»፤ እንደ አረብኛው ሁሉ መንጋጋ ማለት ነው።

በእኛ አገሮች የሆነው ነገር ግን ከአረብኛው የተለየ ነው፤ ጥያቄዎን የወደድኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱ ቃላት ለሦስት ቋንቋዎች የተከፋፈሉ ይመስላል። ትግርኛ ዋናውን ቃል ይዞ ቀረ፤ ጥርስን «ስኒ» ይላል። ሐረሪና የጉራጌ ቋንቋዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ትግረ የክራንቻውን ስም አንስቶ ለጥርስ ሁሉ ሰጠ፤ የሥራ ባልደረባዎ የፍየልን ጥርስ ኒብ የምትለው ለዚህ ነው። አማርኛ ደግሞ የመንጋጋውን ስም ወሰደና አፉን በሙሉ አለበሰው። አንዱ ጠቅላላውን፣ አንዱ ሹሉን፣ አንዱ የኋላውን ስም ያዘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፈገግታ፦ አማርኛ ተናጋሪ ትግርኛ ሲማር «ስኒ»ን ሰምቶ ቡና ይጠብቃል። የእኛ የቡና ስኒ ከጥርሱ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ «ሲኒ» ከሚለው የአረብኛ ቃል፣ «የቻይና» ማለት ከሆነው፣ ከሸክላው የትውልድ አገር የመጣ ነው።

ግዕዝን ማየት የአማርኛን ለውጥ ያጎላዋል። መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የሚያነብ ሁሉ በሦስተኛው መዝሙር «ወሰበርከ ስነኒሆሙ ለኃጥኣን» ይላል፤ አማርኛው «የኃጢአተኞችን ጥርስ» ብሎ ይተረጉመዋል። ወንጌሉ ላይ «ሐቅየ ስነን» የነበረው «ጥርስ ማፋጨት» ሆኗል። በግዕዙ ስን ባለበት ሁሉ አማርኛው ጥርስ ያስገባል። ስን የሚለው ቃል ከአማርኛ አፍ ወጥቶ በቅኔ ቤትና በቅዳሴ ቀረ።

ለምን መንጋጋው አሸነፈ? እኔ የማደላው ወደ ተራው ምክንያት ነው። ቆሎና ጥሬ የሚበላ ገበሬ ሥራውን የሚሠራለት የኋላ ጥርሱ ነው፤ ሌሊት የሚያስለቅሰውም እርሱ ነው። ሰው ስሙን ደጋግሞ የሚጠራው ያመመውን ነው። ትግረ ደግሞ ከብትና ግመል የሚያረቡ የቆላ ሰዎች ቋንቋ መሆኑን አይርሱ፤ ግመልን በክራንቻው የሚያውቅ ሕዝብ የክራንቻውን ስም ቢያሰፋ አይገርምም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የድምፅ ሕጉን ያህል አልምልበትም።

የድምፅ ሕጉ ግን ይህ ነው፤ ቃል የገባሁትንም ማስረጃ የያዘው እርሱ ነው። በአረብኛ «ዲርስ» የሚጻፈው በዳድ ፊደል ነው፤ ተራው «ደ» አይደለም፣ ከጉሮሮ ጠበቅ ብሎ የሚወጣ ነው። ከአረብኛ ወደ አማርኛ በውሰት የገቡ ባለ ዳድ ቃላትን ይቁጠሩ፦ ረመዳን፣ ቃዲ፣ የወሎው ሐድራ (የጸሎት ስብስቡ)። ሁሉም በ«ደ» ነው የገቡት። ጥርስ በውሰት የገባ ቢሆን ኖሮ «ድርስ» እንል ነበር። ከጥንት የወረስነው ቃል ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። የአረብኛው ዳድ በግዕዝ «ፀ» ይሆናል፤ የግዕዙ «ፀ» በአማርኛ አፍ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል። ግዕዝ «ፀብእ» ያለውን ውጊያ አማርኛ «ጠብ» አለው። በ«ጸ»ም ላይ ያው ሆኗል፦ «ጸምአ» ጠማ፣ «ጸብሐ» ጠባ ሆኑ፤ «ነጋ ጠባ» ስንል የምንናገረው እርሱን ነው።

ከሁሉ የሚጣፍጠው ምሳሌ ግን ፀሐይ ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን ረፋድ ላይ የሚሰግዱት ሶላት «ዱሓ» ይባላል፤ ፀሐይ ከፍ የምትልበት ሰዓት ነው። በአረብኛ በዳድ ይጻፋል። በግዕዝ «ፀሓይ»። የገጠሩ አማርኛ ደግሞ «ጠሐይ» ወይም «ጣይ» ይላታል። ዱሓ፣ ፀሓይ፣ ጣይ፤ ዲርስ፣ ፅርስ፣ ጥርስ። ሁለቱ ረድፎች አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። ይህን የመሰለ መግጠም በውሰት አይገኝም።

አንድ ግሥም አለ። ጮርቃ ፍሬ ወይም ሎሚ የበላ ሰው ጥርሱ «ጠረሰ» እንላለን። ነቢዩ ኤርምያስም (31፥29) ሕዝቅኤልም (18፥2) አባቶች ጮርቃ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ተረት ያነሣሉ። አረብኛ ለዚሁ ስሜት «ዲርስ» ከሚለው ሥር የወጣ «ዶሪሰ» የሚል ግሥ አለው። ስሙ ብቻ ሳይሆን ግሡና ግሡ የሚገልጸው ያ እንግዳ ስሜት ሳይቀር የጋራ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ነጋዴ ከቀይ ባሕር ማዶ ጭኖ አላመጣልንም።

በዚሁ ሚዛን የትግረውም «ኒብ» ቢመዘን ውሰት አይመስልም። የአረብኛው አናባቢ «ና» ነው፤ የትግረው «ኒ» ነው፤ ከዕብራይስጡና ከአራማይኩ ጋር ይገጥማል። ትግረ ከአረብኛ ብዙ ቃል ወስዷል፤ ይህን ግን ከዚያ ወሰደው ለማለት አናባቢው አይፈቅድም።

የልጅዎ መጽሐፍ ሌላም አስገራሚ ነገር ሳይዝ አይቀርም። የዘመኑ ዕብራይስጥ ከክራንቻ ቀጥለው ያሉትን ትናንሽ መንጋጋዎች «ማልታዖት» ይላቸዋል። ይህ ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሲነበብ ግን የአንበሳ አስፈሪ ጥርስ ነበር። በመዝሙር 58 (በግዕዝና በግሪኩ ቁጥር 57) ላይ እግዚአብሔር የክፉዎችን ጥርስ በአፋቸው እንዲሰብር፣ የደቦል አንበሶችንም «ማልታዖት» እንዲያወላልቅ ይለመናል። የግሪክ ተርጓሚዎች እዚህ ቦታ ሲደርሱ «ሚላስ» ብለው ጻፉ፤ «ወፍጮዎች» ማለት ነው፣ ግሪኮች መንጋጋን የሚጠሩት እንዲህ ነው። የግዕዙ መዝሙር ከግሪኩ የተተረጎመ በመሆኑ በመጀመሪያው ሐረግ ላይ «ስን»ን ተጠቅሞ በሁለተኛው ላይ ወደ መንጋጋው ቃል ዞረ። በኢዩኤል 1፥6 ላይም ግሪኩ ያንኑ ያደርጋል፤ አማርኛችንም እዚያ «መንጋጋ» ይላል።

እንግዲህ እንስሳውን ለሚያውቅ ይህ ትርጉም ያስቃል። አንበሳ የሚፈጭ ጥርስ የለውም። አገጩ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው፤ እንደ በሬ ወደ ጎን እየተንሸራተተ አያላምጥም። ክራንቻው ይይዛል፣ ያንቃል፤ የኋላዎቹ ጥርሶች እንደ መቀስ ምላጭ እየተላለፉ ሥጋውን ይቆርጡና ጉርሻውን ሳያልም ይውጠዋል። ጅብ እንኳን፣ አጥንት ሰባሪው፣ አጥንቱን የሚሰብረው በክራንቻው አይደለም፤ ከክራንቻው ኋላ ባሉት ወፋፍራም ጥርሶች ነው። ግሪኮቹ ለአንበሳ ወፍጮ ሰጡት፤ ለጅብ ቢሰጡት ኖሮ ይቀርብ ነበር።

አማርኛ «ለምን ኒብ የለውም» ላሉት መልሱ ከዚህ ይከተላል። ጥርስ የሚለው ስም አፉን በሙሉ ሲወስድ፣ የኋላ ጥርስ ስም አጣ፤ ቦታውን «መንጋጋ» ያዘ። መንጋጋ ዛሬም ሁለት ሥራ አለው፣ የኋላውን ጥርስም ጥርሱን የተሸከመውን አጥንትም ይጠራል፤ ሶምሶን ፍልስጥኤማውያንን የመታበት «የአህያ መንጋጋ» አጥንቱ ነው። ሹሉን ጥርስ ደግሞ «ክራንቻ» ያዘው። ስለዚህ የልጅዎን «ኒቭ» ሲተረጉሙ «ጥርስ» ብለው አይለፉት፤ ክራንቻ ይበሉት። አማርኛው ቃል የደቀቀ ወይም የመንደር ቃል አይደለም፤ በአማርኛ የሳይንስ መማሪያ መጻሕፍትም የሚሠራበት ነው።

ክራንቻ ያለው ሁሉ ሥጋ በል ነው ብለው ለልጅዎ እንዳያስተምሩ ግን አደራ። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳን ያየ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ የሚውል ፍጥረት ነው፤ ወንዱ ግን የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ሲያሳይ የሚወጣው ክራንቻ ነብርን ያስቀናል። ለመብላት አይደለም፤ ለሌላው ወንድ የሚታይ ነው። ከርከሮም እንዲሁ፤ ከአፉ ወጥተው ወደ ላይ የሚቆለመሙት ክራንቻዎቹ ናቸው፤ ምግቡ ግን ሣርና ሥራ ሥር ነው።

ዝሆን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ያ ከአፉ የሚወጣው ክራንቻ አይደለም፣ የፊት ጥርስ ነው፤ ከላይ በኩል ያሉት ሁለት የፊት ጥርሶች ዕድሜ ልክ እያደጉ የሄዱ። አማርኛ «የዝሆን ጥርስ» ሲል ልክ ነው። ዕብራይስጥም ያንኑ ዕቃ በጥርስ ስም ይጠራል፣ «ሼን» ይለዋል። ግዕዝ ግን «ቀርነ ነጌ» አለው፤ የዝሆን ቀንድ። ይህ የእኛ ሊቃውንት አለማወቅ ነው የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ቸኩለዋል። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚነግረን የጥንቷ የሰሜን አፍሪካ ሞሪታንያ ንጉሥ ዩባ ቀንድ ብሎታል፤ ግሪካዊው ጳውሳኒያስም በሁለተኛው መቶ ዓመት ቀንድ ነው ብሎ ተሟግቷል። በሕዝቅኤል 27፥15 የዕብራይስጡ ንባብ ራሱ «የጥርስ ቀንዶች» ይላል፣ ሁለቱን አጣምሮ። አክሱማውያን ደግሞ ዕቃውን ከማንም ቀርበው ያዩ ነበሩ፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ ሁሉ በአክሱም አድርጎ ወደ አዱሊስ ይወርድ እንደነበረ ይናገራል። ወደብ ላይ ተቆልሎ ሲታይ፣ ረዥምና ቆልማማ፣ ሥሩ ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ ቀንድ ያለው ሰው አይፈረድበትም።

ልጅዎ «ኒቭ» የሚለውን በመጽሐፉ የዝሆን ሥዕል ላይ ቢያገኘው እንግዲህ እርማት ይጻፍበት፤ ለዝሆኑ ዕብራይስጥ «ሓት» የሚል የራሱ ቃል አለው። ለከርከሮው ግን ኒቭ ትክክል ነው።